ጥንታዊ አልፋ ሮሜዮ ስፓይደርን መርጦ ለመግዛት፣ ለመንዳትና ለመንከባከብ የሚረዳ መመሪያ

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው እ.ኤ.አ. ከ1966 እስከ 1993 ጣሊያን ውስጥ የተሠራውን አልፋ ሮሜዮ ስፓይደር ገዝቶ፣ ጋራዥ ውስጥ ሸፍኖ ለማስቀመጥ ሳይሆን አዘውትሮ ለመንዳት ለሚፈልግ ሰው ነው። ከጣሊያን ጥንታዊ የስፖርት መኪኖች መካከል ይህንን የመረጥሁት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው የሥራው ጥራት ነው፤ ሁለት ካምሻፍት (የሞተሩን ቫልቮች የሚከፍት ዘንግ) ያለው የአሉሚኒየም ሞተር፣ ባለ አምስት ማርሽ ካምቢዮ እና በአራቱም ጎማ ላይ የዲስክ ፍሬን በአንድ ላይ ተሟልተውለት መካከለኛ ገቢ ላለው ገዢ የቀረበ መኪና በ1966 ብዙ አልነበረም። ሁለተኛው መለዋወጫው ዛሬም እንደ ልብ መገኘቱ ነው። የሌሎች ጥንታዊ የጣሊያን መኪኖች ባለቤቶች አንድ ዕቃ ሲፈልጉ ወራት የሚጠብቁበት ጊዜ አለ፤ ለስፓይደር ግን ከፍሬን ሸራ እስከ ወለል ላሜራ ድረስ አዲስ ተሠርቶ የሚሸጥ ዕቃ በጣሊያን፣ በጀርመን፣ በእንግሊዝና በአሜሪካ ይገኛል።

ኢትዮጵያ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለከለከለች፣ መመሪያው በዋናነት የሚጠቅመው በአውሮፓና በአሜሪካ ለሚኖር አንባቢ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

አንደኛ፦ የትኛውን ስፓይደር እንደሚፈልጉ ይወስኑ

መኪናው ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የታየው በመጋቢት 1966 በጄኔቫ የመኪና ትርዒት ነው። አካሉን የነደፈው የፒኒንፋሪና ድርጅት ሲሆን፣ መሥራቹ ባቲስታ ፒኒንፋሪና ያረፉት ከትርዒቱ ጥቂት ሳምንታት በኋላ ስለሆነ፣ ስፓይደር እጃቸው ካረፈባቸው የመጨረሻ ሥራዎች አንዱ ነው። በ27 ዓመት ምርት ውስጥ መኪናው በአራት የተለያየ መልክ ተሠርቷል። የመጀመሪያው ትውልድ እስከ 1969 የተሠራው፣ ኋላው ክብ ሆኖ የሚሾልና ብዙዎች ዱዌቶ ብለው የሚያውቁት ነው፤ በ1,570 ሲሲ ሞተር ጀምሮ 1,779 ሲሲ ያለው 1750 እና 1,290 ሲሲ ያለው ጁኒየር ተከትለውታል። ሁለተኛው ትውልድ ኋላው ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ሲሆን፣ ከ1971 ጀምሮ 1,962 ሲሲ ያለውን የ2000 ሞተር አግኝቷል። ሦስተኛው በ1980ዎቹ ከኋላ ጥቁር የጎማ ክንፍና ትልልቅ የጎማ ፓራውልት የተገጠመለት ነው። ከ1990 ጀምሮ የተሠራው አራተኛው ደግሞ ፓራውልቱ በአካሉ ቀለም የተቀባ፣ በኤሌክትሮኒክ ነዳጅ መርጫ የሚሠራና መሪውም የቀለለ ነው።

ዱዌቶ ከሁሉም ያምራል፤ ዋጋውም ከሁሉም ይበልጣል። ለመጀመሪያ ጊዜ ጥንታዊ መኪና ለሚገዛ ሰው ግን አውሮፓ ውስጥ ሆኖ ከሆነ የ1970ዎቹን ባለ ካርቡራተር 2000 እንዲፈልግ እመክራለሁ። ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር እንኳ የሚጎትት፣ ካምቢዮው ከሞተሩ ጋር የተስማማ፣ አሠራሩም ማንኛውም ልምድ ያለው ሜካኒክ በዓይኑ አይቶ የሚረዳው ነው። አሜሪካ ውስጥ ያለ ገዢ ከ1982 ጀምሮ የቦሽ ነዳጅ መርጫ የተገጠመለትን ቢመርጥ በጠዋት ያለ ችግር የሚነሳ መኪና ያገኛል።

ከ1969 እስከ 1981 ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩት ግን በካርቡራተር ፈንታ ስፒካ የሚባል ሜካኒካዊ የነዳጅ መርጫ ፖምፓ አላቸው። ስለዚህ ፖምፓ ብዙ ክፉ ወሬ ይሰማል፤ በእኔ ግምት ግን አብዛኛው ወሬ የሚመጣው አስተካከሉን ከማያውቁ ሰዎች ነው። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ፖምፓው ራሱ ሳይሆን የሞተሩን ሙቀት እያነበበ የነዳጁን መጠን የሚቀንሰው ትንሽ የሙቀት አንቀሳቃሽ ነው። ይህ ዕቃ ሲያረጅ ሞተሩ ሞቆም እንኳ እንደ ቀዘቀዘ ቆጥሮ ነዳጅ ይጠጣል፣ ጥቁር ጭስም ያወጣል። አንቀሳቃሹን ቀይሮ በፋብሪካው የጥገና መመሪያ መሠረት ማስተካከል፣ ፖምፓውን ነቅሎ ካርቡራተር ከመግጠም በጣም ይረክሳል፤ የመኪናውን የመጀመሪያ ይዘትም ያስጠብቃል።

ሁለተኛ፦ ላሜራውን ከሞተሩ አስቀድመው ይመርምሩ

የዚህ መመሪያ ዋና ቁም ነገር ይህ ክፍል ነው። የስፓይደር ሞተር በጥቂት ሺህ ዩሮ ሙሉ በሙሉ ታድሶ ሊወጣ ይችላል፤ አካሉ የዛገ መኪና ግን ከገዙበት ዋጋ በላይ ሊያስወጣና ዓመት ሙሉ ጋራዥ ሊያስቀምጥ ይችላል። ስለዚህ ሞተሩ የሚያጨስ ነገር ግን አካሉ ጤነኛ የሆነ መኪና እና ሞተሩ የሚዘፍን ነገር ግን ሥሩ የበሰበሰ መኪና በአንድ ዋጋ ቢቀርቡልዎ፣ ሳያመነቱ የመጀመሪያውን ይውሰዱ።

ጣሪያው ሸራ በመሆኑ የመኪናውን አካል የሚሸከመው ከበሩ ሥር ያለው ደጃፍ ነው። ይህ ክፍል ከአንድ ላሜራ የተሠራ አይደለም፤ የውጭ፣ የመካከልና የውስጥ ላሜራዎች ተደራርበው የተበየዱበት ስለሆነ ውጫዊው አዲስ መስሎ እየታየ የመካከለኛው ሙሉ በሙሉ ያለቀ ሊሆን ይችላል። ምርመራውን እንዲህ ያድርጉ። ትንሽ ማግኔት በቀጭን ጨርቅ ጠቅልለው ከፊት ጎማ ጀምሮ እስከ ኋላ ጎማ ድረስ በደጃፉ ላይ ቀስ አድርገው ያንሸራትቱ። ማግኔቱ መያዙን በተወበት ቦታ ከቀለሙ ሥር ያለው ብረት ሳይሆን ስቱኮ (ጉድጓድ መሙያ ልጥፍ) ነው። ቀጥሎ ባለቤቱን አስፈቅደው መኪናውን በክሪክ መሸከሚያው በኩል ከአንድ ጎን ያንሱት፤ ጎማው ከመሬት ለቀቅ ሲል በዚያው ጎን ያለውን በር ይክፈቱና ይዝጉ። በሩ መሬት ላይ እንደነበረው ያለ ችግር ከተዘጋና በበሩና በኋላው ክንፍ መካከል ያለው ክፍተት ከላይ እስከ ታች እኩል ሆኖ ከቆየ አካሉ ጥንካሬ አለው። ክፍተቱ ተለውጦ በሩ ከኋላው ክንፍ ጋር መነካካት ከጀመረ መኪናው መሃሉ ላይ እየታጠፈ ነው፤ እንዲህ ያለውን መኪና ትተውት ቢሄዱ ይሻላል። የክሪክ መሸከሚያው ራሱ ወደ ውስጥ ከሰመጠም ሌላ ምርመራ አያስፈልግም።

ከደጃፉ በኋላ ምንጣፎቹን ገልጠው ወለሉን፣ በተለይም የሹፌሩ እግር የሚያርፍበትንና ከመቀመጫው በስተኋላ ያለውን ቦታ ይመልከቱ። በሸራው ማረፊያ ዙሪያ ያለውን ውሃ የሚያወርዱ ቱቦዎች አሉ፤ እነዚህ በቅጠልና በአቧራ ሲደፈኑ ዝናቡ ወደ ወለሉ ይገባል፣ ባለቤቱም ምንጣፉ እርጥብ መሆኑን እስኪያውቅ ድረስ ላሜራው ይበላል። የፊት ክንፎች የታችኛው ጫፍ፣ ከራዲያተሩ ሥር ያለው ላሜራ፣ የንፋስ መከላከያ መስተዋቱ ግርጌ እና ተጠባባቂው ጎማ የሚቀመጥበት ጎድጓዳም ዝገት የሚወዳቸው ቦታዎች ናቸው። ተጠባባቂውን ጎማ አንሥተው ይመልከቱ፤ ሻጮች ብዙ ጊዜ ይህንን ቦታ ማጽዳት ይረሳሉ።

አዲስ ቀለም የተቀባ መኪና ሲቀርብልዎ ከቀለሙ በፊት የተነሡ ፎቶግራፎችን ይጠይቁ። በእውነት የታደሰ መኪና ባለቤት እነዚህን ፎቶግራፎች በኩራት ያሳያል።

ሦስተኛ፦ ሰነዶቹንና ቁጥሮቹን ያመሳክሩ

የሻንሲ ቁጥሩ የሞተሩን ክፍል ከተሳፋሪው በሚለየው ላሜራ ላይ ተቀርጿል። ይህንን ቁጥር በሊብሬው ላይ ካለው ጋር ፊደል በፊደል ያነጻጽሩ። የሞተሩ ቁጥርም በሲሊንደር ብሎኩ ላይ ይገኛል፤ በአውሮፓ የተሸጠ 1750 ከሆነ በኤአር (AR) 00548፣ 2000 ከሆነ በኤአር 00512 ይጀምራል። ሞተሩ በሌላ የአልፋ ሞተር ተተክቶ ከሆነ መኪናው መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ ዋጋው ግን መውረድ አለበት።

መኪናውን ከጣሊያን የሚገዙ ከሆነ ሻጩ በሕዝባዊው የተሽከርካሪዎች መዝገብ ላይ ባለቤት ተብሎ የተመዘገበው ሰው መሆኑን ያረጋግጡ። መዝገቡን የሚያስተዳድረው የጣሊያን አውቶሞቢል ክለብ ነው። በተጨማሪም በ1966 የተመሠረተው የጣሊያን የጥንታዊ መኪኖች ማኅበር የሚሰጠው የታሪካዊ ተሽከርካሪነት ማረጋገጫ ካለ ዋናውን ቅጂ ይቀበሉ፤ ማረጋገጫው ጣሊያን ውስጥ ለኢንሹራንስ ቅናሽ ይጠቅማል። መኪናውን ወደ አሜሪካ የሚወስዱ ከሆነ አሮጌ መኪና የአሜሪካን የደኅንነት ደንብ እንዲያሟላ ሳይገደድ የሚገባበትን የ25 ዓመት ገደብ ሁሉም ስፓይደሮች አልፈውታል። ጀርመን ውስጥም 30 ዓመት የሞላው መኪና በመልካም ይዞታ ላይ ካለ የታሪካዊ መኪና ታርጋ ማግኘት ይችላል።

ኢንሹራንስ ሲገቡ ዋጋው በስምምነት የተወሰነ ውል ይጠይቁ። በተለመደው ውል መኪናው ሲጎዳ ድርጅቱ እንደ ማንኛውም አሮጌ መኪና ገምቶ ይከፍላል፤ ይህም ከመኪናው እውነተኛ ዋጋ ጋር አይገናኝም።

አራተኛ፦ ሞተሩንና ካምቢዮውን ይፈትሹ

ለሻጩ አስቀድመው ይደውሉና ሞተሩን ሳያስነሣ እንዲጠብቅዎ ይጠይቁ፤ ሲደርሱም ኮፈኑን በእጅዎ ይንኩት። የሞቀ ሞተር ብዙ ጉድለት ይሸፍናል።

በመጀመሪያ የሞተር ዘይት መሙያውን ክዳን ይክፈቱና ውስጡን ይመልከቱ፤ ከዚያም የራዲያተሩን ውሃ ይመልከቱ። የዚህ ሞተር የታወቀ ድክመት የቴስታታው (በብሎኩ ላይ የሚገጠመው የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጓርኒሲዮን፣ ማለትም ማሸጊያ፣ ነው። ዘይት ከብሎኩ ወደ ቴስታታው የሚወጣባቸው ቀዳዳዎች ስድስት ትንንሽ የጎማ ቀለበቶች አሏቸው፤ ቀለበቶቹ ሲደርቁ ዘይቱ ወደ ውሃው ይገባል ወይም በብሎኩና በቴስታታው መጋጠሚያ ላይ ወደ ውጭ ያዣል። በክዳኑ ሥር ወተት የገባበት ቡና የመሰለ አረፋ ወይም በውሃው ላይ የሚንሳፈፍ ዘይት ካዩ ቴስታታው መውረድ አለበት። ሥራው ከባድ አይደለም፤ ነገር ግን ቴስታታውን ለማስተካከል የሚወጣው ወጪ ከመኪናው ዋጋ ላይ መቀነስ ይኖርበታል። በአጭር ርቀት ብቻ የሚነዳ መኪና በክዳኑ ላይ ጥቂት እርጥበት ሊያሳይ ስለሚችል፣ ፍርድዎን ከመስጠትዎ በፊት ሁለቱንም ይመልከቱ።

ሞተሩ ሲነሣ ከፊት በኩል የሰንሰለት መንቀጫቀጭ ከተሰማ አይደንግጡ፤ ካምሻፍቶቹን የሚያዞረው ሰንሰለት ስለሆነ እንደ ቺንጊያ በድንገት አይበጠስም፣ መወጠሪያውም ሊስተካከል ይችላል። የሚያሳስበው የዘይት ግፊት ነው። ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ከሞቀ በኋላ በመንገድ ፍጥነት ሲነዱ መለኪያው ከ3.5 እስከ 5 ባር ማሳየት አለበት፤ ሞተሩ በሥራ ፈት ዙር ላይ ሳለ መርፌው ወደ ታች መውረዱ የተለመደ ነው።

በሙከራ ጉዞው ላይ ካምቢዮውን እንዲህ ይፈትኑት። ሦስተኛ ማርሽ ላይ በመካከለኛ ፍጥነት እየሄዱ ወደ ሁለተኛ ያውርዱ። የሁለተኛ ማርሽ ማስማሚያ ቀለበት በእነዚህ ካምቢዮዎች ላይ ከሁሉም ቀድሞ ያልቃል፤ ዘይቱ ቀዝቃዛ ሳለ ጥቂት መንተክተክ ይቅር የሚባል ነው፣ ከሞቀ በኋላም የሚፋጭ ከሆነ ግን ካምቢዮው መከፈት አለበት። ከዚያ እግርዎን ከነዳጅ መስጫው ላይ በድንገት አንሥተው መልሰው ይጫኑት። ከመቀመጫው ሥር የሚመታ ድምፅ ከሰሙ በካምቢዮውና በትራስሚሲዮኑ (ኃይሉን ወደ ኋላ ጎማዎች የሚወስደው ረጅም ዘንግ) መካከል ያለው ወፍራም የጎማ መጋጠሚያ ተሰንጥቋል ወይም የመካከለኛው ኩሽኔታ መያዣ ረግቧል። ይህን ጎማ ችላ ብሎ መንዳት አደገኛ ነው፤ ሲበጠስ ትራስሚሲዮኑ ወለሉን ሊመታ ይችላል።

አምስተኛ፦ መኪናው እጅዎ ከገባ በኋላ፣ ከመንዳትዎ በፊት

የቀድሞው ባለቤት ምንም ያህል ታማኝ ቢሆን፣ ፈሳሾችን በሙሉ ይቀይሩ። የሞተር ዘይቱ ለጥንታዊ ሞተሮች የሚዘጋጀውና ዚንክ በበቂ መጠን ያለው 20W-50 ይሁን፤ የአሁን ዘመን ቀጫጭን ዘይቶች የካምሻፍቱን ፊት በሚገባ አይጠብቁትም። የ2000 ሞተር ከ6 ሊትር በላይ ዘይት ስለሚይዝ ከበቂ በላይ ገዝተው ይያዙ። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት እየሳበ የመፍላት አቅሙን ስለሚያጣ በየሁለት ዓመቱ መቀየር አለበት። ፍሪሲዮኑም በዘይት ግፊት የሚሠራ ከሆነ በዚያው ቀን አብሮ ይጽዳ።

ቀጥሎ የነዳጅ ጎማዎችን ሁሉ ከሰልባትዮው (ከነዳጅ ታንኩ) እስከ ካርቡራተሩ ድረስ ይቀይሩ። የዛሬ ቤንዚን በአውሮፓ እስከ 10 በመቶ ኢታኖል ይይዛል፤ ኢታኖል ደግሞ የድሮውን ጎማ ያለሰልሳል፣ ይሰነጥቃልም። የተሰነጠቀ የነዳጅ ጎማ ከጋለው ማርሚታ አጠገብ መኖሩ እነዚህን መኪኖች ከሚያቃጥሉ ምክንያቶች ዋነኛው ስለሆነ፣ ኢታኖል የሚቋቋም ጎማ ይግጠሙ፤ አንድ የእሳት ማጥፊያም ሹፌሩ ሊደርስበት በሚችል ቦታ ላይ ይሠር። ኢታኖሉ ዝቅተኛ የሆነውን ባለ 98 ኦክቴን ነዳጅ ቢጠቀሙ ይመረጣል።

ሁለቱን ካርቡራተሮች ከቴስታታው ጋር የሚያያይዙት የጎማ መጋጠሚያዎች ናቸው። ሞተሩ በሥራ ፈት ዙር እየሠራ ካርቡራተሩን በእጅዎ ይዘው ቀስ ብለው ወደ ታች ይጫኑት፤ ዙሩ ከተለዋወጠ ጎማው ተሰንጥቆ አየር እየገባ ነው። ይህ ሳይስተካከል ካርቡራተር ለማስማማት መሞከር ጊዜ ማባከን ነው፤ ብዙ ሰው የካርቡራተር ችግር ብሎ የሚያማርረውም ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው።

ጎማዎቹን በጥርሳቸው ጥልቀት ብቻ አይመዝኗቸው። በጎማው ጎን ላይ ያሉት አራት አሃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ያሳያሉ፤ ጥርሱ ሙሉ ሆኖ አሥር ዓመት ያለፈው ጎማ እርጥብ መንገድ ላይ አይያዝም። ባለ 1,570 ሲሲው ዱዌቶ በ15 ኢንች ቸርኬ ላይ 155፣ የ1750 እና የ2000 መኪኖች በ14 ኢንች ቸርኬ ላይ 165 ስፋት ያለው ጎማ ይገጠምላቸው ነበር። ሰፋፊ ጎማ መግጠም ለዓይን ቢያምርም መሪውን ያከብዳል፣ መኪናው በመታጠፊያ ላይ የሚሰጠውን ስሜትም ያደነዝዛል፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው መጠን ብዙ እንዳይርቁ እመክራለሁ።

የኤሌክትሪክ ችግር ሲያጋጥም በመጀመሪያ የፊውዝ ሳጥኑንና የማሳ (የኔጋቲቭ መስመር) ማያያዣዎችን ያጽዱ። ፊውዞቹ በሁለት ጫፋቸው ብቻ የሚነካኩ ስለሆኑ ትንሽ ዝገት መብራቱን ወይም የዝናብ መጥረጊያውን ለማቋረጥ ይበቃል።

ስድስተኛ፦ ማስነሣትና መንዳት

ለረጅም ጊዜ ቆሞ የነበረ ባለ ካርቡራተር ስፓይደር ወዲያውኑ አይነሣም፤ በሞተሩ የሚሠራው የነዳጅ ፖምፓ የካርቡራተሮቹን ጎድጓዳ እስኪሞላ ድረስ ሞተሪኖው ጥቂት ሰከንዶች መዞር አለበት። ከዚያ የነዳጅ መስጫውን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ እስከ ታች ይርገጡና ያስነሡት። ሞተሩ ሞቆ ለአጭር ጊዜ ቆሞ ከነበረ ግን አይርገጡት፤ በሙቀቱ የተነሣ ነዳጁ ፈልቶ ወደ ሞተሩ ስለሚፈስ፣ መስጫውን እስከ ታች ጭነው ይዘው ያስነሡትና ሲነሣ ቀስ ብለው ይልቀቁት።

ከተነሣ በኋላ አቁመው ለማሞቅ አይጠብቁ። ግማሽ ደቂቃ ያህል ከቆዩ በኋላ በዝግታ መንዳት ይጀምሩ፤ ቆሞ የሚሞቅ ሞተር ነዳጁ የሲሊንደሩን ዘይት እያጠበ ለረጅም ጊዜ ይቆያል። የውሃው ሙቀት 80 ዲግሪ እስኪደርስ ድረስ ከ3,000 ዙር በላይ አይሂዱ፤ ውሃው ከሞቀ በኋላም ዘይቱ ለመሞቅ ተጨማሪ አሥር ደቂቃ ያህል እንደሚፈልግ ያስታውሱ። እነዚህን ሞተሮች የሚያጠፋቸው በሞቀ ጊዜ በከፍተኛ ዙር መነዳታቸው አይደለም፤ ለዚያ የተሠሩ ናቸው። የሚያጠፋቸው በቀዝቃዛ ዘይት ላይ መቸኮል ነው።

ካምቢዮው የራሱ ጠባይ አለው። የማርሽ ዘንጉ ከመሃል ኮንሶሉ ወደ ሹፌሩ አጋድሎ የወጣ ስለሆነ፣ እጅ ከመሪው ላይ ተነሥቶ ዘንጉ ላይ ሲያርፍ ሩቅ አይሄድም። ማርሽ ሲቀይሩ አያቻኩሉት፤ ዘንጉን በሁለት ጣትና በአውራ ጣት ይዘው ወደሚቀጥለው ማርሽ ይግፉት፣ መጠነኛ መቋቋም ሲሰማዎ ለአፍታ ያህል ጫናውን ሳይጨምሩ ይጠብቁ፣ ራሱ ይገባል። ወደ ሁለተኛ ሲያወርዱ ሁለት ጊዜ ፍሪሲዮን መርገጥን ይልመዱ፤ ማለትም ፍሪሲዮኑን ረግጠው ማርሹን ወደ ባዶ ያውጡ፣ ፍሪሲዮኑን ለቀው ነዳጅ በመስጠት የሞተሩን ዙር ከፍ ያድርጉ፣ እንደገና ረግጠው ሁለተኛን ያስገቡ። በመጀመሪያ ዝግ ያለ ይመስላል፣ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ግን አንድ እንቅስቃሴ ይሆናል። የማስማሚያው ቀለበት ዕድሜም በዚህ ልማድ በእጅጉ ይረዝማል።

ፍሬኑ ጥሩ ነው፤ ሆኖም መንሸራተትን የሚከላከል ኤሌክትሮኒክ ረዳት የለውም። ቀደም ባሉት መኪኖች ላይ ደግሞ የፍሬኑ ዘይት መሥመር አንድ ብቻ ስለሆነ፣ አንድ ቦታ ሲበሳ ፍሬኑ በሙሉ ይጠፋል። ስለዚህ ከፊትዎ ካለው መኪና የሚጠብቁት ርቀት ከዘመናዊ መኪና ጋር ሲነጻጸር የበለጠ ይሁን፣ ረጅም ቁልቁለትም ከፍሬኑ ይልቅ በዝቅተኛ ማርሽ ይውረዱ። የኋላው ድፍን አክስል በመታጠፊያ መካከል ጉብታ ሲመታ ትንሽ ይዘላል፤ ፍሬኑን ከመታጠፊያው በፊት ጨርሰው፣ በመታጠፊያው ውስጥ ለስለስ ያለ ነዳጅ እየሰጡ ቢወጡ መኪናው ሚዛኑን ጠብቆ ይዞዎት ይሄዳል። ከቦሎኛ ወደ ፊሬንዜ በፉታ መተላለፊያ በኩል የሚያልፈው አሮጌ መንገድ፣ የሚሌ ሚሊያ ውድድር ይሄድበት የነበረው፣ ለዚህ ዓይነቱ አነዳድ እንደ ተሠራ ነው። ሁለተኛና ሦስተኛ ማርሽ፣ አጭር ቀጥታ፣ ከዚያ ሌላ መታጠፊያ፤ መኪናው የተሠራበትን ምክንያት እዚያ ላይ ይረዱታል።

ከፍ ወዳለ ቦታ ሲወጡ አየሩ ስለሚሳሳ ካርቡራተሩ ለሞተሩ ከሚገባው በላይ ነዳጅ ይሰጣል። 2,757 ሜትር ከፍታ ባለው የስቴልቪዮ መተላለፊያ ላይ ሞተሩ ቢከብድና ጥቁር ጭስ ቢያወጣ ብልሽት አይደለም፣ ሲወርዱ ይስተካከላል። ኑሮው ሁልጊዜ ከ2,000 ሜትር በላይ የሆነ ሰው ግን በካርቡራተሩ ውስጥ ያሉትን የነዳጅ ማሳለፊያዎች በትንንሾች ማስለወጥ አለበት።

የሸራ ጣሪያውን በሚያጥፉበት ጊዜ የኋላው መስኮት ፕላስቲክ መሆኑን አይርሱ። በብርድ ጊዜ ይሰነጠቃል፤ በፀሐይ ወይም በመኪናው ማሞቂያ ካለሰለሱት በኋላ፣ በታጠፈው መካከል ለስላሳ ጨርቅ አድርገው ያውርዱት።

ሰባተኛ፦ በየጊዜው የሚደረግ ጥገና

የሞተር ዘይቱንና ፊልትሮውን በየ5,000 ኪሎ ሜትር፣ ያን ያህል ካልተነዳም በዓመት አንድ ጊዜ ይቀይሩ። በዚያው ቀን በትራስሚሲዮኑ ላይ ያሉትን የግራሶ መስጫዎች ግራሶ ይስጧቸው፤ ከሥር ካልተኙ ስለማይታዩ ብዙ ጋራዦች ያልፏቸዋል። ካንዴላዎቹን አውጥተው ቀለማቸውን ይመልከቱ፤ ቀላል ቡናማ ከሆኑ ካርቡራተሩ በትክክል ይሠራል፣ ጥቁርና ጥቀርሻ የለበሱ ከሆኑ ነዳጅ በዝቷል፣ ነጭ ከሆኑ ግን ነዳጅ ስላነሰ ሳይዘገዩ ያስተካክሉ። አራቱ ካንዴላዎች በቀለም የሚለያዩ ከሆነ ሁለቱ ካርቡራተሮች እኩል አይስቡም። ፑንቲና (ለካንዴላዎቹ የሚሄደውን ኮረንቲ የሚያቋርጥ መነካኪያ) ያለው መኪና ከሆነ ክፍተቱ ይለካ፤ ሲቀየር የሞተሩ የእሳት ጊዜም አብሮ ይስተካከል።

የቫልቭ ክፍተት የሚስተካከለው በብሎን ሳይሆን ከካምሻፍቱ ሥር ባሉ ትንንሽ ክብ ማስተካከያዎች ነው። ክፍተቱን መለካት ማንም ጥንቁቅ ሰው የሚችለው ሥራ ሲሆን፣ መቀየሩ ግን ካምሻፍቱን ማውረድ ስለሚጠይቅ ለአልፋ ሜካኒክ ይተዉት። ጥሩነቱ አንዴ በትክክል ከተስተካከለ ለብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር መቆየቱ ነው። ሜካኒክ ሲመርጡም በቅርብ ካለው ጋራዥ ይልቅ የዚህን ሞተር ልጅነት የሚያውቀውን ይፈልጉ፤ በአቅራቢያዎ ያለ የአልፋ ባለቤቶች ክለብ ስሙን ሊነግርዎ ይችላል።

ስምንተኛ፦ ለክረምት ማቆም

በበረዶ ወራት መንገድ ላይ የሚረጨው ጨው የስፓይደር ቀንደኛ ጠላት ስለሆነ፣ ከመጀመሪያው የጨው ቀን በፊት መኪናውን ያቁሙት። ከማቆምዎ በፊት በደንብ አሙቀው ይንዱት፣ ዘይቱን ይቀይሩ፣ ሥሩን ያጥቡና ለማድረቅ ጊዜ ይስጡት። ሰልባትዮውን ሙሉ ያድርጉ፤ ባዶ ሰልባትዮ ውስጥ እርጥበት ስለሚጠራቀም ከውስጥ ይዝጋል። ጎማዎቹን ወደ 3 ባር ያህል ይንፉ፣ የእጅ ፍሬኑን ይልቀቁና ጎማዎቹን በእንጨት ያስደግፉ፤ የእጅ ፍሬን ተይዞ የቆመ መኪና ሸራው ከብረቱ ጋር ሊጣበቅ ይችላል። ባትሪውን ከቀስታ ቻርጀር ጋር ያያይዙት። መሸፈኛው አየር የሚያሳልፍ ጨርቅ ይሁን እንጂ ፕላስቲክ አይሁን፤ ፕላስቲክ እርጥበቱን ከውስጥ ያፍነዋል። የሸራ ጣሪያው ተዘርግቶ ይቆይ፣ የውሃ መውረጃ ቱቦዎቹም በለስላሳ ሽቦ ይጽዱ።

በክረምቱ መካከል ሞተሩን ለአምስት ደቂቃ አስነሥቶ ማጥፋት ከጥቅሙ ጉዳቱ ያይላል፤ ማርሚታው ውስጥ ውሃ ያጠራቅማል፣ ዘይቱም አይሞቅም። የአየሩ ሁኔታ ደረቅ ሆኖ መንገዱ ጨው የሌለው ቀን ከተገኘ አውጥተው ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይንዱት፤ ካልተገኘ ግን እስከ ፀደይ ይተዉት። በፀደይ ሲያወጡት ከመነሣትዎ በፊት ፍሬኑን ብዙ ጊዜ ይርገጡና መርገጫው ጠንክሮ መቆየቱን ያረጋግጡ፣ የጎማውን ንፋስ ወደ ትክክለኛው መጠን ይመልሱ፣ የመኪናውን ሥር በባትሪ መብራት አይተው የሚያንጠባጥብ ነዳጅ ወይም የፍሬን ዘይት አለመኖሩን ይፈትሹ፤ የመጀመሪያዎቹንም ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ከቤትዎ ሳይርቁ በዝግታ ይንዱ።